የአማቴ ፈረስ እና የጋሽ ተፈራ ጋጣ

አማቴ አባባ ተሰማ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከጎሬ ወርደው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ባለቤቴ ጽጌ ያልላከችባቸው ሽማግሌ፣ ያላለቀሰችባቸው ለቅሶ አልነበረም። በመጨረሻ እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ግን አንዲት ነገር አከሉበት።

«ከዳማ ጋር ከሆነ» አሉ።

ዳማ ፈረሳቸው ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚለኝ ሰው ጋምቤላን አያውቃትም። ጋምቤላ ፈረስ የማይከርምባት አገር ናት። ሙቀቱን እንተወው፤ ሙቀቱን እኛም ለምደነዋል። ዝንቡ ነው። የቆላው ዝንብ ነክሶ ገንዲ ያስይዘዋል፤ ገንዲ የያዘው ፈረስ ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ከዚያ መብላቱንም ይተዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተጋድሞ ይገኛል። ከደጋ በበቅሎ ጭነው የሚወርዱ ነጋዴዎች እንኳ ጭነታቸውን ካራገፉ እንስሶቻቸውን ቶሎ ወደ ዳገቱ ነው የሚመልሷቸው።

የማውቀውን አንድ የእንስሳት ሐኪም ጠየቅሁት። ራሱን እያከከ፣ «ከከተማ ካልወጣ፣ ጥላ ካገኘ፣ ጠዋትና ማታ ደህና አድርጎ የሚያጨስለት ሰው ካለው፣ ሊኖር ይችላል» አለኝ። እኔም ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለጽጌ ነገርኳት። ጽጌ ደግሞ ለአባቷ፣ «ሐኪሙ ይኖራል ብሏል» ብላ ላከችባቸው። «ሊኖር ይችላል» የምትለው ነገር ወደ ጎሬ ስትወጣ ቡሬ ዳገት ላይ ቀረች ማለት ነው።

በጭነት መኪና መጡ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ ቢሰጣቸውም እንቢ ብለው፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ከኋላ ከፈረሱ ጎን ቆመው አንገቱን አቅፈው ወረዱ። እኔ በአዲስ ሸሚዝ መነሃሪያው ላይ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ፣ አባባ ተሰማ አቧራ ለብሰው ከመኪናው ወረዱና አሻግረው አዩኝ። «እንደምን ሰነበትክ» የለ፣ «ልጄ ደህና ናት?» የለ።

«ጥላው የት ነው?» አሉኝ።

እኔ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። አከራዬ ደሮ እንኳ እንዳላረባ ያስማለኝ ሰው ነው፤ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ስለ ፈረሱ አስቀድሜ ከጋሽ ተፈራ ጋር ተነጋግሬ ነበር።

የጋሽ ተፈራ ጋጣ ከገበያው ቁልቁል ወርዶ ባሮ ዳር ነበር፤ በሸምበቆ የታጠረ ግቢ፣ መሃሉ ላይ እርስ በርስ የተቃቀፉ የማንጎ ዛፎች። ጋሽ ተፈራ በወጣትነቱ ከጎሬ ጋምቤላ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እግሩ ሲደክምበት የራሱን መንዳት ትቶ የሌሎችን ማሳደር ጀመረ። የነጋዴ በቅሎ፣ የወፍጮ ቤት አህያ፣ ጌታው መንገድ የሄደበት እንስሳ ሁሉ እዚያ ያድራል። አብሮት ኡጁሉ የሚባል የአኙዋክ ሰው ይሠራ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ። ዝምታው እንግዲህ እሑድ እሑድ አይሠራም።

ያን ጊዜ የነበረውን አያያዝ ብነግራችሁ በቅናት ትታመማላችሁ። ጋሽ ተፈራ ጎህ ሲቀድ ኩበት አቀጣጥሎ ግቢውን በጭስ ያፍነዋል። ሳሩን ጤዛው ሲደርቅ ያጭዳል፣ እርጥቡን ከደረቁ ይለያል። ከሰዓት በኋላ ዳማን በባሮ ውሃ አጥቦ፣ ኮቴውን አንስቶ በእንጨት እየፈለፈለ ያጸዳል። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ መጀመሪያ ፈረሱን፣ ቀጥሎ አባባን፣ ከተረፈው እኔን ነበር። አባባ ተሰማ ግንዱን ተደግፈው ሲያዩት ይውሉና ማታ ቤት ሲገቡ ለጽጌ፣ «ይሄ ሰው ባልደራስ ነው» ይሏታል። በእሳቸው አፍ ከንጉሥ ፈረስ አዛዥነት የሚበልጥ ማዕረግ የለም። እኔን ሰባት ዓመት አማች ሆኜ ምንም ብለውኝ አያውቁም።

ነገር የተበላሸው በሰሌዳው ነው።

ጋምቤላ ክልል የሆነችበት ሰሞን መሆኑን አትርሱ። ትናንት አብራችሁት ዓሣ ስትበሉ የነበረ ሰው ዛሬ ኃላፊ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምክትሉን አስከትሎ ያልፋችኋል። እኔ ራሴ በአንዱ አዲስ ቢሮ ንብረት ክፍል ተመድቤ፣ ንብረት የምንለው አንድ ወንበርና እኛው ሠራተኞቹ ብቻ ነበርን። በየቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። ጠጅ ቤቱ ሳይቀር ሰቀለ። ጋሽ ተፈራም አንድ ቀን ዝም ብሎ ሲያይ ሲያይ ቆየና እሱም አሠራ፦ «የጋምቤላ የጋማ ከብት ማቆያና እንክብካቤ ማዕከል»። ቀለሙ ሳይደርቅ ሄጄ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከልቤ ነበር። ምን ላውቅ።

ሰሌዳ ካለ ቢሮ ይከተላል። ሳሩ የሚከመርበትን ጎጆ አስጠረገና ጠረጴዛ አስገባ። ቀጥሎ ወንበር መጣ። እኛ መሥሪያ ቤት የሌለን ዓይነት ወንበር፣ ባለ መደገፊያ። ሳሩ ውጭ ቀረና ዝናብ መታው፣ ሻገተ። ጋሽ ተፈራ አካፋውን ለኡጁሉ አስረከበ። ኡጁሉን ደግሞ በየሰዓቱ ከበረት እየጠራ፣ «እንግዳ ሲመጣ አስገባ»፣ «ውሃ ቅዳልኝ»፣ «ጠረጴዛውን አቧራ ነካው» ይለው ጀመር። እንግዳ የተባልነው እኔና አባባ ነን።

መጀመሪያ የጠፋው የጠዋቱ ጭስ ነው። ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጭሱ ምን ሆነ?» ልለው ነበር። ግን ከጠረጴዛው ጀርባ እጁን አጣምሮ፣ በዚያ ወንበር ላይ ተደግፎ ሳየው ምላሴ በራሱ ጊዜ ወደ አንቱታ ዞረ። «ጋሼ… ጭሱ እንዴት ነው፣ ማለቴ ይጨስ ይሆን እንደው፣ ሲመችዎት?»

«ጭስን በተመለከተ» አለ ጋሽ ተፈራ፣ «አሠራሩን እያሻሻልን ነው።»

«ዝንቡ ግን መጥቷል።»

«ዝንብን በተመለከተም እናያለን።»

ወጥቼ ስሄድ አመስግኜው እንደነበር ትዝ ይለኛል። አሁን ድረስ ስለምን እንዳመሰገንኩት አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጎድል ነበር። ሳሩ የበቆሎ አገዳ ሆነ። የአገዳው ቅጠል ቀረና አገዳው ብቻ ሆነ። የውሃ ገንዳው ውስጥ አንድ ቀን የሰው ሸሚዝ ተዘፍዝፎ አገኘን፤ የኃላፊው ሸሚዝ ነው ተባልን። ዳማ የሚቆምበት ጥላ ላይ ሌባ አህያ አስገቡበት። ሌባ ስል ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ የዳማን ድርሻ ዓይኔ እያየ በልታለች። የፈረሱ ጎድን አጥንት ቀስ በቀስ ይታይ ጀመር። ማታ እራት ሲቀርብ አባባ ተሰማ እህሉን እያዩ ይቆዩና እጃቸውን ይሰበስባሉ። ፈረሱ ሲከሳ እሳቸውም ይከሳሉ። ጽጌ ሁለቱንም እያየች እኔን ትከሳለች፤ ማለት በዓይኗ።

አንድ ምሽት ጓዳ ጠርታ፣ «ስማኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያ ፈረስ አንድ ነገር ቢሆን አባቴ ከእሱ አይተርፍም። ደግሞ እሱ ሲሞት ዝም ብለህ እንዳየህ እኔ አልረሳልህም።» ትቆጣለች ብላችሁ እንዳታስቡ። እየለመነችኝ ነበር። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባባን አስከትዬ፣ ለጋሽ ተፈራ ልክ ልኩን ልነግረው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «አንተ ሰው!» ብዬ ልጀምር ወሰንኩ። በር ላይ ስንደርስ «አቶ ተፈራ» ወደሚል ወርዷል።

ግቢው ጭር ብሏል። አህያይቱ ብቻዋን በዳማ ጥላ ቆማ አገዳ ታኝካለች። ዳማ የለም።

አባባ ተሰማ ባዶውን ቦታ አዩና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ፈረሴስ?»

ጋሽ ተፈራ ከቢሮው ብቅ አለ። «እንደምን አደሩ አባቴ! ደስ የሚል ነገር አለ። የመስክ ግጦሽ ጀምረናል።»

«የት?»

«ደሴቲቱ ላይ። ለምለም ሳር ነው ያለው፣ ነፋሻ፣ ዝንብም አይደርስበትም። ኡጁሉ ሲነጋጋ አሻገረው። ውሃው ከጉልበት አያልፍም።»

ባሮ በበጋ ይጎድልና መሃሉ ላይ የአሸዋ ደሴት ይወጣዋል፤ ሳርም ያበቅላል። ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ፣ ልናገር ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥኩና ቁልቁል ወረድን። ዳሩ ላይ ስንደርስ እግሬ ቆመ።

ውሃው ቡናማ ሆኗል። እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደጋው ላይ ግን ሌሊቱን ጥሏል ማለት ነው። ባሮ አረፋ እየደፈቀ፣ ቅርንጫፍ እያንከባለለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወርዳል። ደሴቲቱ የምንላት የቤት ወለል ታክላለች። በእሷ ላይ ዳማ ቆሟል። አንገቱ ላይ ገመድ አለ፤ ገመዱ ከአንድ ጉቶ ጋር ታስሯል፤ ጉቶው ውሃ ውስጥ ገብቷል።

«ኡጁሉስ?» አልኩ።

ጋሽ ተፈራ ከኋላችን ሲያለከልክ ደረሰ። ውሃውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ኡጁሉን… ሁለተኛውን ወንበር ከአናጢ ቤት እንዲያመጣ ልኬዋለሁ። ሲመለስ ፈረሱንም የሚያመጣው መስሎኝ ነበር።»

(ኋላ ኡጁሉን ስጠይቀው፣ «ጋሼ ራሱ እመልሳለሁ ያለኝ መሰለኝ» አለኝ። ሁለት «መሰለኝ» ተገናኝተው አንድ ፈረስ መሃል ባሮ አቁመው ሄዱ።)

«ዳማ!» አሉ አባባ ተሰማ። ጮኸው አልነበረም። ፈረሱ ግን ከዚያ ሁሉ የውሃ ድምፅ መሃል ለይቶ ሰማቸው፤ ጆሮውን አቁሞ አሽካካና ወደ እኛ ሊመጣ ሲል ገመዱ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ጉልበቱ ተልመጠመጠ። እንደገና ቆመ።

ዞር ስል አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ጋቢያቸውን አጥፈው አሸዋው ላይ እያስቀመጡ ነው።

«አባባ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልሻገር ነዋ።»

«ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያስ?»

«እሱ ይችላል።»

ከወገባቸው ያዝኳቸው። እንዲህ ያለ ጉልበት በዚያ ዕድሜ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እኔንም ጎትተውኝ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ገባን። ጋሽ ተፈራ እኔን ያዘኝ። ሦስታችን ተያይዘን ወዲያና ወዲህ ስንል፣ ድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሰው መቆም ጀመረ። ገበያተኛውም ወረደ። ምክር እንደሆነ በሽ ነበር፦ «ድንጋይ ወርውሩበት ይዋኛል!»፣ «ፖሊስ ጥሩ!»፣ «ፈረስ ነው በቅሎ?»

በዚህ መሃል ነው ከወዲያ ማዶ አንዲት ታንኳ ሰያፍ እየቆረጠች የደረሰችው። የምትገፋት አሪየት ነበረች። ዓሣ እያመጣች ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ጽጌ ሁልጊዜ ከእሷ ነው የምትገዛው። ዘንጓን አሸዋው ላይ ተክላ አየችን።

«ምንድነው ጩኸት? ሰው ሞተች?»

አማርኛ ላይ ወንድና ሴቱን ታቀያይራለች። እኔ በአኙዋክኛ ሰላም ልል ብዬ ገበያውን ሙሉ ያሳቅሁ ሰው ስለሆንኩ አልፈርድም። በጣቴ አሳየኋት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ደሴቲቱን አየች፣ ውሃውን አየች፣ አማቴን አየች።

«ባባ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ አባባ ተሰማ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

«ግባ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተም ግባ። እሷን ይይዛል።» ከዚያ ዞረችና፦ «ያሰረች ማን ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጋሽ ተፈራ አየ።

«እኔ እንኳ» አለ ጋሽ ተፈራ፣ «በአመራር ደረጃ ነው እንጂ በእጄ…»

ክንዱን ይዛ እንደ ዓሣ ቅርጫት አስገባችው።

እንግዲህ አስቡት። ታንኳ ማለት የተቦረቦረ ግንድ ነው። እዚያ ላይ ዋና የማንችል ሦስት ደገኞች ጉልበታችንን አቅፈን በተርታ ተቀምጠናል። አሪየት ከኋላ ቆማ፣ «ቆመህ ከሆነ እኔ ይጥልሃል» ብላ አስጠነቀቀችን። በውሃውና በታንኳዋ ጠርዝ መሃል የቀረው ክፍተት መዳፍ አያስገባም። ጋሽ ተፈራ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በየተራ ይጠራል፤ አልፎ አልፎ መላእክትንም ይቀላቅላል።

መሃል ስንደርስ ከማዶው ዳር አንድ ግንድ የመሰለ ነገር፣ ማንም ሳይነካው፣ ውሃ ውስጥ ተንሸራቶ ገባ።

«ምንድነው እሱ?» አልኩ።

«አዞ ነው» አለች አሪየት። «ዝም በል። ይሰማል።»

ዝም አልን። እስትንፋሴን ሳይቀር ዝም አሰኘሁት። እሷ ግን ደረቷን ነፍታ በሙሉ ድምፅዋ መዘመር ጀመረች፤ ዘንጉንም በዜማው ልክ ውሃው ላይ ትመታዋለች።

«ዝም በሉ ብለሽን አልነበር?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ይሄ መዝሙር ነው» አለችኝ።

ደሴቲቱ ላይ ስንወርድ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር። አሸዋው ከእግራችን ሥር እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዳማ ይንቀጠቀጣል፤ የዓይኑ ነጭ ወጥቷል። አባባ ተሰማ በቀጥታ ሄደው አንገቱ ላይ ግንባራቸውን አሳረፉ። «መጣሁልህ፣ የኔ ጌታ» አሉት። ፈረሱ ረጋ አለ። እኔ አልረጋሁም። ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ጋሽ ተፈራ በጥፍሩ ይታገለዋል፣ ጥፍሩ ይደማል፣ ቋጠሮው ንቅንቅ አይልም። አሪየት የዓሣ ቢላዋዋን ጣለችለትና ገመዱን ከፈረሱ አንገት ሥር ቆረጠው። ተለቀቀ። አሁን ግን የሚያዝበት ነገር የለም።

«ቀበቶህን» አሉኝ አማቴ።

«ቀበቶዬን?»

«ቀበቶህን!»

ፈትቼ ሰጠሁ። አንገቱ ላይ አዙረው ቆለፉት። ሱሪዬ ያን ሰሞን ሰፍቶኛል፤ በጭንቀት የከሳሁት እኔም ነኝ እኮ፤ የኔን ጎድን ግን የቆጠረልኝ አልነበረም። በአንድ እጄ ይዤው ታንኳው ውስጥ ተመለስኩ።

የመመለሻውን መንገድ ዛሬም ሳስበው መዳፌን ላብ ይለዋል። አባባ ከታንኳው ጎን ጎንበስ ብለው ቀበቶውን ይዘዋል። ዳማ ራሱን ብቻ ከውሃ አውጥቶ ይዋኛል፤ አፍንጫው እንደ ወናፍ ይነፋል። ወራጁ ግን ከእኛ ይበረታል፤ በሰያፍ ወደ ድልድዩ ይነዳናል። እዚህ መሃል ፈረሱ ደከመው መሰለኝ፣ ድንገት የፊት እግሩን አንስቶ የታንኳውን ጠርዝ ያዘ። ታንኳዋ አጋደለች። ውሃ ገባ። ጋሽ ተፈራ «ልጆቼን!» ብሎ ጮኸ። አባባ ተሰማ እጃቸውን አንስተው የዳማን አፍንጫ በጥፊ መቱት። በዕድሜያቸው መትተውት አያውቁም። ፈረሱ ተገርሞ እግሩን አወረደ፤ እሳቸውም ተገርመው መዳፋቸውን ያያሉ። እኔ በጫማዬ ውሃ እቀዳለሁ።

«ድንጋይ!» አለች አሪየት።

ቀና ስል የድልድዩ ምሰሶ እየመጣብን ነው። እኛ ነን የምንሄደው፤ ለእኔ ግን እሱ ነበር የሚመጣው። አሪየት በዘንጓ በአንድ ወገን ስትገፋ ሌላኛው ወገን ሊላተም ሆነ። በዚያ በኩል ያለሁት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያዋን ረሳሁ፣ ሱሪዬንም ረሳሁ፤ ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ምሰሶውን ገፋሁት።

ታንኳዋ ዳነች። ሱሪው ወረደ።

ከላይ ድልድዩን የሞላው ሕዝብ፣ እስከዚያ ድረስ በፍርሃት ትንፋሹን ይዞ የነበረው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። «ሱሪ! ሱሪ!» ይላል። ወገኖቼ፣ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ እዚያ ነበሩ። አከራዬም እዚያ ነበር፤ የድልድዩን ብረት ተደግፎ እንባውን እየጠረገ ይስቃል። ያ ሰው ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ኡጁሉ ደርሶልን ነበር። ወንበሩን ተሸክሞ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ፣ ወንበሩን መንገድ ላይ ጥሎ፣ የመዘምራን ጓደኞቹን ጠርቶ ወርዷል። እስከ ደረታቸው ገብተው በዱላ ውሃውን እየመቱ ይጮኻሉ፤ አዞው ቢከተለን እንኳ ያን ጩኸት ችሎ የሚቀርብ አይመስለኝም። ታንኳዋን ሳቧት። ዳማ ኮቴው መሬት ሲነካ ተደናቀፈ፣ ተነሳ፣ ወጣ። አሸዋው ላይ ቆሞ ተርገፈገፈና እኛን በሙሉ ዳግመኛ አራሰን።

አባባ ተሰማ እግሩን በየተራ ዳሰሱ፤ ጆሮውን፣ አፍንጫውን አዩ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

«ደህና ነህ?» አሉ በቀስታ።

«ደህና ነኝ አባባ» አልኩ፣ ሆዴ ባብቶ።

ለካ ፈረሱን ነው።

ጋሽ ተፈራ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ጫማው ከወንዙ ጋር ሄዷል። ከጠዋት ጀምሮ ስለማመደው የነበረውን ሁሉ አሁን ልናገር ቀረብኩ፤ እሱ ግን ቀደመኝ። ለእኔ ሳይሆን ለአማቴ ነበር የሚናገረው።

«አባቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‹አንተ በቅሎ ነጂ› ስባል ነው የኖርኩት። ያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ‹አቶ› አለኝ። አንዲት ቀን ተነስቼ አካፋ ከያዝኩ ‹አቶ› መባሉ የሚቀርብኝ መሰለኝ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ፈረስዎን ልገልብዎት ነበር።»

አማቴ ምርኩዛቸውን ያነሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በእጃቸው ወደ ዳማ አመለከቱት።

«አቶ ተፈራ» አሉት። «ተነስና ፈረሱን አድርቅልኝ።»

ጋሽ ተፈራ ተነሳ። ያንን የኃላፊ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከአንገት ጀምሮ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ እግር፣ ጸጉሩን ተከትሎ እያሸ አደረቀው። ኮቴውን አነሳ። የቀረ አሸዋ በጣቱ ፈልፍሎ አወጣ። እጁ አልረሳም ነበር። አባባ ተሰማ ተቀምጠው ያዩታል። አሪየት ዓሣዋ ፀሐይ እንደመታባት ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው፤ እየሳቀችብን ሄደች። ጽጌ እስከ ዛሬ ከሌላ ሰው ዓሣ ገዝታ አታውቅም።

ጋሽ ተፈራ በማግስቱ ጠረጴዛውን ሸጦ ወደ አካፋው ተመለሰ፤ ጠዋት ጠዋት የጋጣው ጭስ ከገበያው ይታያል። ይሁንና አማቴ ፈረሱን ከዓይናቸው የሚያርቁበት አንጀት አላገኙም። አከራዬ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኝ ቁጥር ከወገብ በታች እያየ በሳቅ ስለሚፈርስ፣ ሳቁ ሳይበርድ ጽጌ ለመነችውና የጓሮውን ማንጎ ጥላ ለዳማ ፈቀደ።

ስለዚህ አሁን ዳማ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። እኔ ነኝ የያዝኩት። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ኩበት አቀጣጥላለሁ፣ በጭሱ አስላለሁ፣ ሳር ፍለጋ እወጣለሁ፣ ተመልሼ ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት እሮጣለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም፤ ወንበሩም አንድ ስለሆነ ይኸ ጠቅሞኛል። ዳማ ሥጋ አበጅቷል። አባባ ተሰማም እራት ይበላሉ፤ እንዲያውም ይደግማሉ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ አንድ እቅፍ ለምለም ሳር ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ሁለቱ ጥላው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እኔ ላብ እያጠመቀኝ ግቢውን ስጠርግ ያዩኝ ነበር። አማቴ የምሰማቸው አልመሰላቸውም፤ ወይም ግድ አልነበራቸውም።

«ልጁ ልቡ ጥሩ ነው» አሉት። «እጁ ነው ያስቸገረው። ጭሱ ቀጭን ነው። እርጥቡን ከደረቁ አይለይም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ወንበር ላይ በነበርክበት ጊዜ እንኳ አንተ ከዚህ ትሻል ነበር።»

ጋሽ ተፈራ በሐዘኔታ አየኝ። «ቀስ እያለ ይለምዳል፣ አባቴ» አላቸው። «ይታገሡት።»

ዳማ ይህን ይስማ አይስማ አላውቅም። ዞር ብሎ አየኝና፣ አሁን ጠርጌ የጨረስኩት መሬት ላይ ጭራውን ቀና አደረገ።